ከገብስ መሃል የተነቀለ ተራራ

ጎረቤቴ ትናንት ከሰዓት ተልባ ስትቆላ ዋለች። ረመዳን ደጃፍ ላይ ነው፤ ሰፈራችን አዲስ ዓለም ሁሉ ለማፍጠሪያ የሚሆነውን ያሰናዳል። የሚቆላ ተልባ ሽታ እንደ ሌላ እህል አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ ምንም አይልም፣ ከዚያ ዘይቱ ድንገት ሲነቃ አጥር አይበግረው፣ ግድግዳ አይበግረው፣ ቀስ እያለ ገብቶ ቤቱን ይሞላዋል። መስኮቱን ልዘጋ ተነስቼ እጄ መዝጊያው ላይ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። አብራኝ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ሰሚራ "አክስቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ። "ጉልበቴን ነው" አልኳት። ጉልበቴን አልነበረም። እኔ እዚያች ደቂቃ ጎንደር አልነበርኩም፤ ወገራ ነበርኩ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ካለው ተዳፋት ላይ፣ የባሌን የያሲንን እጅ ይዤ። ስለ ያሲን ተራራ ለሰሚራ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ፤ በነገርኳት ቁጥር "አንድ ፎቶ እንኳን ሳታነሱት?" እያለች ታቃጥለኛለች። የዛሬ ልጆች ፎቶ ያልተነሳ ነገር የተደረገ አይመስላቸውም። ያኔ እንኳን ካሜራ ያለው ስልክ፣ የቤት ስልክም የነበራቸው ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ፤ ያሲን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ቢሰማ "ሉባባ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጸሐፊ የሆነችው" ብሎ ይስቅብኝ ነበር።

ሱቃችን ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ጣሊያን ከሠራቸው ቤቶች የአንዱ በረንዳ ሥር ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ስንት እንደሆኑ አትጠይቁኝ፣ እኔ ዘመን የማስታውሰው በጨርቅ ነው። በመተማ በኩል የሚገባው የሚያብረቀርቅ ሳቴን ሴቱን ሁሉ ያሳበደበት፣ ቴትሮን የሽማግሌ ጨርቅ ነው መባል የተጀመረበት ዘመን ነው። አቡጀዲ ሜትሩን በአራት ብር እንሸጥ ነበር፣ ያውም ተከራክረን። የቢሮ ሴቶች ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለበት ኮት ይለብሳሉ፤ ጎረምሶቹ ጂንሳቸውን እስከ እምብርታቸው ስበው ቀበቶ ያጠብቃሉ፤ ከገጠር የሚመጣው ሰው ኮንጎ ጫማውን እያንቋቋ በረንዳችን ላይ ይሰበሰብና ከልብስ ሰፊዎቹ ጋር ስለ ሱሪ ርዝመት ይጨቃጨቃል። ከፊት ለፊታችን ካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ አንድ ዘፈን ከወደደ ሰው አይራራለትም፤ ጠዋት የከፈተውን ማታ ሲዘጋ ነው የምንገላገለው። አንድ ክረምት ሙሉ የከዳችውን ልጅ የሚለማመጥ ሰውዬ ሲያለቅስብን ከረመ፣ እስከ ዛሬ ጨርቅ ስቀድ ዜማው በእጄ ይመጣል። አሁን እዚያ በረንዳ ላይ የሞባይል ሽፋን ይሸጣሉ፤ ባጃጁ ሲያልፍ ደግሞ ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማም።

ያሲን የሥዕል መምህር ነበር። የነጋዴ ዘር ሆኖ ጠመኔ መምረጡ አባቱን እስከ ዕለተ ሞታቸው አስገርሟቸዋል፤ "ይሄ ልጅ ጨርቅ ከመሸጥ ጨርቅ ላይ መሞንጨር ይቀለዋል" ይሉ ነበር። ሱቁ እኔ ላይ የወደቀው በዚህ ነው፤ ወድቆብኝም አልተጸጸትኩ። ያሲን ወጣት ሳለ፣ ሳንጋባ፣ መጀመሪያ የተመደበው አምባ ጊዮርጊስ ነበር። እዚያ አያ ዘገየ ከሚባል ገበሬ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ጥቂት ዓመት ኖሯል። አያ ዘገየና ሚስቱ ድንቄ እንደ ታናሽ ወንድማቸው ያዩት ነበር፤ ለበዓል በግ ሲያርዱ የእሱን ዶሮ ራሱ እንዲያርድ ቢላዋውን አጥበው ይሰጡት እንደነበር ሲያወራ አይሰለቸውም። ከእነሱ ግቢ በር ላይ ሆኖ ጠዋት ጠዋት ወደ ሰሜን ሲያይ፣ የስሜን ተራሮች ጫፍ በሩቅ ይታየው ነበር። ሰማያዊ ነው ይለኛል፤ ግን የሰማይ ሰማያዊ አይደለም፣ ትንሽ ወፈር ያለ፣ ጥርስ ጥርስ ያለው። ያንን መስመር ጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ የሲጋራ ወረቀት ላይ፣ የሱቃችን ደረሰኝ ጀርባ ላይ ስንት ጊዜ ስሎታል።

ዓይኑ መታመሙን መጀመሪያ ያወቀችው ከተማዋ ናት፤ እኛ አላወቅንም። ጎንደር ሰላምታ የማያውቅ ሰው አይወደድባትም። "መምህር ያሲን ምነው ኮራ?" ይሉኝ ጀመር ደንበኞቼ። "በጎኑ አልፌ እጄን ባወጣ ዝም ብሎኝ ሄደ።" እኔም ተቆጣሁት። እሱ ደግሞ ማንንም አላየሁም ብሎ ማለልኝ። ከጎን የሚመጣውን ሰው አለማየቱን፣ ደረጃ ሲስት፣ ሻይ ብርጭቆ ሲገፋ ቀስ በቀስ ተረዳነው። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነበር፤ ረጅም ምርመራ አድርጎ ሲያበቃ ወንበሩን ወደ እኛ ሳብ አድርጎ፣ ከዓይኑ በስተጀርባ ያለው ነርቭ እየደረቀ ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይ ይሆናል አለን። ስንወጣ ያሲን እጄን ያዘ፤ መንገድ ላይ ይዞኝ አያውቅም ነበር። "በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው" አለኝ። "አፍንጫሽን ሳይ ጆሮሽ ይጠፋኛል።" እየቀለደ ነበር፣ እኔ ግን ያን ቀን ሱቅ ገብቼ ሳቴን ስለካ ሜትሩ ተደበላለቀብኝ።

ሥዕል መሳል አቃተው። ወረቀቱ ቅርብ ስለሆነ የእርሳሱን ጫፍ ሲከተል የቀረው ሥዕል ይጠፋበታል። ያኔ እሑድ እሑድ ከሰዓት ወደ ቁስቋም እየወጣን፣ ከእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ወዲህ ሣር ላይ እንቀመጥ ነበር። አንድ እሑድ ዝም ብሎ ወደ ታች ወደ ከተማው ሲያይ ቆየና እንደ ልጅ ክንዴን ነቀነቀው። "ሉባባ! ጎንደር ሙሉዋን ገባችልኝ!" አለኝ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሩቅ ያለ ነገር ትንሽ ሆኖ ስለሚታይ በዚያች በቀረችው ቀዳዳ ውስጥ ይበቃል። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ሐሳብ ያዘውና አልለቀው አለ። ዓይኑ ሳይዘጋ አንድ ሥዕል መሥራትና ማየት ፈለገ፤ ኮረብታ የሚያክል፣ ከማዶ ሆኖ የሚታይ። የሚስለውም ያንኑ የስሜንን ጫፍ ነው፤ ምክንያቱም እውነተኛው ተራራ በደብዛዛው ዓይኑ ከሰማዩ ጋር ተደባልቆ ጠፍቶበታል። "መጨረሻ ላይ የማየው እሱን ይሁን" አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን መካ ልሂድ ይላል። እኔ ግን ስወደው እንዲህ እንዳለ ነው፤ የት ሆኖ፣ በምን፣ ብዬ ብቻ ጠየቅሁት። "በተልባ" አለኝ። በገብስ ማሳ መሃል መስመሩን በተልባ እንዘራዋለን፤ መስከረም ላይ ተልባው ሲያብብ አረንጓዴው መሃል ሰማያዊ ተራራ ይወጣል። ማሳውም ታስቦበታል፤ የአያ ዘገየ ነው።

አያ ዘገየ ገበያ በመጣበት ቅዳሜ ሱቅ ውስጥ አስቀምጠን ነገርነው። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው፤ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ጠቅልሎ ጸጥ ብሎ ሰማ።

"ተራራውን ማሳው ላይ?" አለ በመጨረሻ። "መምህር፣ ተራራው እኮ ኸዚያው ቁሟል። ምን ሊያደርግልዎ ኸኔ ማሳ ይወርዳል?"

"አይታየኝማ፣ አያ ዘገየ።"

አያ ዘገየ ጋቢውን ከአፉ አወረደ። ቀና ብሎ የያሲንን ዓይን ትክ ብሎ አየ፤ ያሲን ግን የአያ ዘገየን አገጭ ነበር የሚያየው። ያን ጊዜ ገባው።

"እንግዲያስ ይሁን" አለ። "ሸጋ አርገን እንዘራዋለን። አንድ ነገር ብቻ፣ መንደሩ እንዳይሰማ። 'ዘገየ በስተርጅና በማሳ መጫወት ጀመረ' ብለው መሳቂያ ያረጉኛል።"

ሰኔ ላይ ሄድን። አሠራሩ እንዲህ ነው። ማሳው ወንዙን ይዞ ፊት ለፊት ባለው ተዳፋት ላይ፣ ያሲን ደግሞ ከማዶ ካለው ተዳፋት አናት ላይ። አያ ዘገየ አመድ የሞላ አቁማዳ ይዞ፣ ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ታርሶ በተዘጋጀው ጥቁር አፈር ላይ ይሄዳል። ያሲን ከማዶ ነጩን ጋቢ እያየ ቀይ ጨርቅ ሲያነሣ ወደ ላይ፣ ሲያወርድ ወደ ታች። ጨርቁ በጉም ሲሸፈን እኔ መሃል ቆሜ "ወደ ላይ! ወደ ላይ በለው!" እያልኩ እጮሃለሁ። አያ ዘገየ አመዱን እያፈሰሰ "ይኼ ተራራ ደግሞ መውጣት እንጂ መውረድ አያውቅም ወይ?" እያለ ያጉረመርማል። ማሳው ሲዘራ አመዱ ያለበት ሰፋ ያለ መንገድ ገብስ ሳይበተንበት ቀረ፣ እዚያ ላይ እኔና ድንቄ ጎንበስ ብለን ተልባ በተንን። ተልባ እጅ ውስጥ ሲያዝ ያሙለጨልጫል፤ እስከ ዛሬ መዳፌ ላይ የሚሰማኝ እሱ ነው። ሲመሽ ድንቄ ለእኛ ብላ የበረዘችውን ብርዝ ጠጥተን፣ እርጥብ ጋቢ ተደራርበን ተኛን። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የተኛሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ነበር። ሐምሌ ላይ ሱቅ ውስጥ "ያቺን ሰማያዊ ጥቅል አቀብለኝ" ብለው አረንጓዴውን አምጥቶ ሰጠኝ። ሌላ ቀንም እንዲሁ። ደንበኛ ፊት ስለሆነ ዝም አልኩ፤ ማታ ግን ነገርኩት። "ያሲን፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ተደባልቆብሃል። ተልባው በገብስ መሃል ቢጠፋብህስ?" አልኩት። "የጨርቅ ቀለምና የአበባ ቀለም አንድ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ግን ሳቁን አቁሞ "ተራራው ሰማያዊ ነበር፣ ሉባባ። ምን ላድርገው?" አለኝ። እኔም ተውኩት። ዱዓዬን ግን ጨመርኩ፤ አላህ ሆይ፣ ሌላውን ሁሉ እንዳሻህ፣ ይህችን አንድ ነገር ብቻ አሳየው አልኩ።

ነሐሴ ላይ አያ ዘገየ ከበቅሎ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። በመኪና ጭነው ጎንደር አመጡት፤ ሆስፒታል ጀሶ አሥረውለት ሲያበቁ ወደ ማን ይሄዳል፣ ከድንቄ ጋር እኛ ቤት ገባ። የፍልሰታ ጾም ስለነበር የሥጋ ነገር አላስጨነቀንም፤ ሽሮውን ባንድ ድስት ሠርተን ሁላችንም በላን። አያ ዘገየና ያሲን አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተኝተው ቀኑን ሙሉ ስለ ተልባ ያወራሉ። "አበባው ጠዋት ነው የሚፈካ" ይላል አያ ዘገየ። "ጠሐይ ጠንከር ሲል ይረግፋል። በማለዳ ካልደረስን አናየውም።" "በማለዳ እንደርሳለን" ይላል ያሲን። "አንቱ አይታይዎ፣ እኔ አልራመድ፣ ማን ማንን ሊመራ ነው?" ሲል ሁለቱም ይንከተከታሉ። እኔ ከጓዳ ሆኜ እየሰማሁ እስቅ ነበር።

ፍልሰታ ሲፈታ ድንቄ ቤቷን ልታይ ወደ አገሯ ሄደች። በማግስቱ ተመልሳ ሱቅ መጣች። ነጠላዋ ጭቃ ነው፣ ፊቷ አብጧል። ደንበኛ ትቼ ወደ ውስጥ ሳብኳት።

"ጉድ ሆነናል፣ እታለም" አለችኝ። "ተልባው ተነቀለ።"

"ማን ነቀለው?"

"ወዳጅ! ወዳጅ ነው እንጂ የነቀለው፤ ጠላት ቢሆንማ በከሰስሁ!"

ነገሩ ይህ ነው። ጎረቤታቸው አያ ተገኘ፣ "ዘገየ እግሩ ተሰብሮ ጎንደር ተኝቶ ገብሱን አረም ሊበላው ነው" ብሎ ደቦ ጠራ። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ አረመለት። ገብሱ መሃል ተልባ ሲያገኙ መጀመሪያ ሳቁ። አያ ዘገየ አንድም ቃል አልተናገረ፣ ምን ይወቁ? "የዘገየ ከረጢት ቀዳዳ ነበር እንዴ! ይኼ ተልባ ሲንጠባጠብ አህያው ማሳውን ሁሉ ዙሯል እኮ! ሰክሮ ነበር ወይ አህያው?" እያሉ ዋሉ። ከሳቁ በኋላ ደግሞ አዘኑለት። ገብሱ ከተልባ ተደባልቆ ቢታጨድ ገበያ ላይ የሚያነሳው የለም ብለው፣ አንዲት ሥር ሳያስቀሩ ለቅመው ነቀሉት፤ ነቅለውም አልተዉት፣ አፈሩን ቆፍረው አለስልሰው ኮተኮቱት። "እንዴት አርገው እንዳረሙት ብታይ" አለችኝ ድንቄ እንባዋን እየጠረገች፣ "እንዲያው ሸጋ አርገው!"

ማን ይንገረው ተባብለን፣ እኔው ገባሁ። ያሲን ሬዲዮ እየሰማ ነበር። ስነግረው ሬዲዮውን ዘጋው። አያ ዘገየ ከአልጋው ላይ "ወየው፣ አፌን ይቆርጠው! ለምን አልተናገርሁ!" እያለ ግንባሩን ይመታል። አበባው እስኪወጣ የቀሩት ቀናት ጥቂት ነበሩ፤ ዓይኑ ደግሞ ሌላ ክረምት እንደማይጠብቀው ሁላችንም እናውቃለን።

"አንድም አልቀረም?" አለ ያሲን።

"አንድም።"

"ያረሙት ሰዎች አወቁ?"

"ነግሬያቸው ራሳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል" አለች ድንቄ ከበሩ።

"እንግዲያ እንሄዳለን" አለ ያሲን። "ለሰው ብለው ደክመው እንዲህ ሲሆኑ ዝም አይባልም።"

እኔ ሱቅ ተመልሼ ከጨርቁ ጥቅል ኋላ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ተናድጄ ነበር፤ በአያ ተገኘም፣ በደቦውም፣ እንዲህ ባለ ባሌም ጭምር። ሥዕሉ የጠፋበት እሱ፣ አጽናኝ ሆኖ የሚሄደውም እሱ።

መስከረም ገብቶ አያ ዘገየ በምርኩዝ መቆም ሲጀምር በጠዋቱ አውቶቡስ ተነሣን። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው፤ ዛሬ አስፋልቱ ላይ እንቅልፍ ሳይወስድህ ትደርሳለህ፣ ያኔ ግን ወለቃ ላይ የሸክላ ሻጮቹን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ አውቶቡሱ ያቃስታል፣ አቧራው ቢበርድ ጭቃው ይተካል፣ ሹፌሩ ካሴቱን ከፍ ያደርጋል። ያሲን መስኮት ጥግ ተቀምጦ ወደ ውጭ ዞሯል። ምን እንደሚያይ አላውቅም። አምባ ጊዮርጊስ ወርደን ለአያ ዘገየ በቅሎ ተገኘችለትና ከድንቄ ጋር በታችኛው መንገድ ሄዱ። ያሲን በእግሬ ልሂድ ስላለ እኔና እሱ በአቋራጩ ወጣን፤ አቋራጩ የሚያልፈው በዚያው በማዶው ተዳፋት አናት ላይ ነው። ሌሊት ዘንቦ አድሮ ምድሩ ታጥቧል። እኔ እንዳይሰናከል ብዬ እግሩን እግሩን አያለሁ፤ ቀና ማለትም አልፈለግሁም። ምን ላይ?

ድንገት ቆመ።

"ሉባባ" አለኝ።

"አቤት።"

"ያ ጥቁር ምንድን ነው?"

ቀና አልኩ። ከወንዙ ማዶ፣ ጠዋት ፀሐይ ያረፈበት አረንጓዴ ገብስ መሃል፣ ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፉ፣ የስሜን ተራሮች ቆመዋል። ተልባው የተነቀለበት፣ የተኮተኮተውና ዝናብ የጠጣው አፈር ጥቁር መስመር ሆኖ። አንዲት ሥር ሳያስቀሩ ማረማቸው አንዲት ጥርስ ሳያጎድሉ መሳላቸው ኖሯል። መንደሩ ከማሳው ወዲያ ነው፤ በሥራቸው ካፈሩት ሰዎች ማን ወደዚህ መጥቶ ዞሮ ያየዋል? ማንም አላየውም ነበር።

እሱ ጣቱን አነሣ። "እዚህ ጋ ይወጣል" አለ፣ ጣቱም መስመሩ ላይ ወጣ። "እዚህ ጋ እንደ ወንበር ይቀመጣል። ከዚያ ያቺ ትንሿ ጥርስ፣ አለች? አለች!" እኔ አልነገርኩትም፣ ማንም አልነገረውም፤ እያየ ነበር። እንባው እስከ ጢሙ ወረደ። እኔ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ያመጣልኝ አረንጓዴ ጥቅል ትዝ አለኝ። ተልባው አብቦ ቢሆን ኖሮ፣ ሰማያዊው በአረንጓዴው ውስጥ ሟሙቶ፣ ከዚሁ ቦታ ቆሞ ምንም የሌለበት ማሳ ነበር የሚያየው። እኔም እያየሁለት እነግረው ነበር፣ እሱም አየሁ ብሎ ያጽናናኝ ነበር። ፀሐይ ከፍ እስክትል ከዚያ አልተነሣንም። አልሐምዱ ሊላህ አልን።

ወደ መንደሩ ስንወርድ ከአያ ዘገየ ግቢ በር ላይ ሰው ተሰልፏል። ደቦው ነው። ማተባቸውን ያሠሩ ትልልቅ ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው ጫንቃቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ቆመዋል። አገር ይቅርታ የሚጠይቅበት ወግ ነው።

"ሰው አለ? ምነው ዝም አሉ?" አለኝ ያሲን።

"ድንጋይ ተሸክመዋል" አልኩት በጆሮው።

አያ ተገኘ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። ከሁሉ ትልቁን ድንጋይ የተሸከመው እሱ ነው፤ አንገቱ ሥሩ ተገታትሯል። "መምህር፣ በድለነዎታል" አለ። "አረም መስሎን ነው። የዓይንዎን ነገር አላወቅን። ይማሩን።"

"ያውርዱት፣ አያ ተገኘ፣ ያውርዱት!" ያሲን እጁን ዘርግቶ ፈለገውና ትከሻውን አገኘው። "እንደዘራሁት ቢሆን ኖሮ አላየውም ነበር። እናንተ ስለነቀላችሁት አየሁት።"

አያ ተገኘ ወደ እኔ አየ። ምን ማለቱ ነው እንደማለት። ከዚያ ጠርጠር አድርጎ "ይቅር ብለውናል ማለት ነው?" አለ።

"ብያለሁ።"

"እንዲያ አይደለም። 'ይቅር' ይበሉ፣ ባፍዎ።"

"ይቅር!" አለ ያሲን። ድንጋዮቹ ሁሉ ዱብ ዱብ እያሉ ወረዱ። እኔ ከሳቄና ከልቅሶዬ የትኛውን እንዳወጣሁ አላውቅም።

በዚያው ዓመት፣ ብርዱ ሳያልፍ፣ ያቺ ቀዳዳ ተዘጋች። አንድ ጠዋት ተነስቶ "መሽቷል ወይ?" አለኝ፤ እኔም አልመሸም አልኩት። ከዚያ በኋላ ሱቅ ውስጥ ወንበር አደረግሁለትና በድምፃቸው ደንበኞቹን እየለየ ሰላም ይላል። ጎንደርም ይቅር አለችው። እንዲያ ሆኖ ሳለ ነው፣ ሰኔ ሊገባ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ አያ ተገኘ ዱላውን ይዞ ሱቃችን የገባው። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ከብቱንም፣ ዝናቡንም፣ የአያ ዘገየን እግርም ጨረሰ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

"መምህር፣ ዘንድሮስ የትኛውን እንንቀል?"

እኔ የምለካውን ጨርቅ አስቀመጥኩ።

"አንቱ ኸሄዱ በኋላ" አለ አያ ተገኘ፣ "ምን አይተው ነው ያን ያህል የቆሙ ብለን ኸማዶ ወጣን። መንደሩ ሁሉ ወጣ። ገብሱ እስቲታጨድ እየወጣን ስናይ ከረምን። ዘንድሮ ደግሞ የኔ ማሳ ነው ብዬ ኸዘገየ ጋር ተኳርፈናል።"

"አያ ተገኘ፣ እኔ እኮ አሁን ምንም አላይም" አለው ያሲን።

"ሰምቻለሁ" አለ አያ ተገኘ። "እኛ እናያለን።"

ያሲን እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ከአቡጀዲው አንድ ክንድ ያህል ቀድጄ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት፤ የልብስ ሰፊውን ጠመኔም ሰጠሁት። የጨርቁን ጠርዝ በግራ እጁ ዳሰሰ፣ ከዚያ ጠመኔውን ጨርቁ ላይ አሳርፎ ሳያነሣ አንድ መስመር ሳበ። ገር ብሎ ይጀምርና ወደ ውስጥ ገባ ይላል፣ ከዚያ ረጅም ጫፍ ያወጣል፣ ሁለት ትንንሽ ኮረብቶች ያልፋል፣ አንድ ደግሞ ክብ ይላል፣ ያበቃል። አያ ተገኘ ጎንበስ ብሎ አየው።

"ይኸስ የየት አገር ተራራ ነው?"

"ቅርብ ነው" አለ ያሲን። "ከቤታችን አይርቅም።"

እኔም በአያ ተገኘ ትከሻ ላይ አየሁ። ግንባር ነው። አፍንጫ ነው። ከንፈር፣ አገጭ። በጀርባዬ የተኛሁት እኔ ነኝ፣ ወላሂ፤ በእጁ እንጂ በዓይኑ ካየኝ ስንት ወሩ! ሻሼን ስቤ ፊቴን ሸፈንኩ፤ አያ ተገኘ ጨርቁን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ፣ መርቆን ወጣ።

መስከረም ላይ ሄድን። ከማዶው ተዳፋት ላይ ሕዝቡ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል፤ አያ ዘገየ በደህናው እግሩ ቆሞ፣ ድንቄ አጠገቡ። ማሳው ላይ፣ በአረንጓዴው ገብስ መሃል፣ ያ ጥቁር መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጋድሟል። አንዳንዱ የጃናሞራ ተራራ ነው ይላል፣ አንዳንዱ የለም የጠለምት ነው ይላል። አንድ ሽማግሌ ወደ መሃሉ በዱላው እያመለከተ "ይቺ ጫፏስ ሹል ናት! ይቺን ማን ይወጣታል?" ሲል ሰዉ ሁሉ ሳቀ። መሬቱ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ያሲን ክንዴን ይዞ ፊቱን ወደ ማሳው አቅንቶ ቆሟል።

"ምን ይታይሻል?" አለኝ ቀስ ብሎ።

ሰው ከብቦናል። "ተራራ" አልኩት።

"ዋሾ" አለኝ።